ክርኑ ድርብ የሆነ ቀሚስ

ቡጢ በክርን ይመከታል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔ ግን መልሱን ይዤ አርጅቻለሁ። ይመከታል። ነገር ግን መቺው መምታት የማያውቅ፣ ተመቺውም ዓይኑን ጥርቅም አድርጎ የጨፈነ መሆን አለበት። ዓይን በመጨፈን በኩል ከአዳማ እስከ መቂ የሚስተካከለኝ አልነበረም።

ጊዜው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። አዳማ ያኔ የባቡር ጣቢያና በጣቢያው ዙሪያ የተኮለኮሉ የዐረብና የሕንድ ሱቆች ነበረች፤ የቀረው ግራርና አቧራ ነው። እኔ ከወሎ መጥቼ በአንድ የመናዊ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። የስፌት መኪናው የባለሱቁ፣ የሚረግጠው እግር የኔ። ሰውነቴ ቀጭን ስለነበር ለደንበኛ የሰፋሁትን ሱሪ ለሙከራ ብለብሰው ሌላ አንድ ሰው ይጨምር ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ከወገቤ በላይ ጎበጥ፣ ከጉልበቴ በታች ደግሞ ጠንከር ያልኩ ነበርኩ። ይህም ለመሮጥ እንጂ ለመደባደብ አይበጅም።

ከገበያው ጀርባ ከአርሲ መጥተው የሰፈሩ አንዲት እናት ከሴት ልጃቸውና ከወንድ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ወንድ ልጃቸው በቅሎ ነጂ ነው፤ ከአርሲ እህል ጭኖ ወደ ባቡር ጣቢያው ያመጣል። ልጅቱ ደግሞ አቡጀዲዋን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ነበር።

«እጅጌው ረዘም ይበል። ክርኑ ላይ ድርብ አድርግልኝ።»

አደርግላታለሁ። ትንሽ ቆይታ ሌላ ቀሚስ ይዛ ትመጣለች፤ አሁንም ክርኑ ድርብ ይሁን ትላለች። እንደዚያ ዓይነት ትእዛዝ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። የሰው ልብስ ጉልበቱ ያልቃል፣ መቀመጫው ያልቃል፤ የሴት ቀሚስ ክርን እንዴት ያልቃል? ብዙ አሰብኩበትና በመጨረሻ ለራሴ በጣም የሚስማማ መልስ አገኘሁ። እኔን ለማየት ሰበብ ፈልጋ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ድርቡን በሁለት ረድፍ ስፌት እያሳመርኩ፣ ጢሜን እየላጨሁ እጠብቃት ጀመር።

ሽማግሌ ልልክ ማሰቤን ለባለሱቁ ብቻ ነበር የነገርኩት። በዚያ በረንዳ ላይ የተነገረ ነገር ግን ባቡር አይጠብቅም፤ ወንድምየው ከአርሲ ጭኖ ሲመለስ ሰምቶት ደረሰ። በቅሎዎቹን እንኳ ሳያራግፍ ከመኪናዬ ፊት ቆመና ከላይ ወደ ታች አየኝ። ለማየትም ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

«እህቴን ታስባለህ አሉ» አለኝ።

መኪናው አልቆመም፤ እግሬ በራሱ ጊዜ ይረግጥ ነበር።

«እህቴን እንደ ሴት ተቀምጦ ለሚውል ሰው አልሰጥም። በገበያ ቀን እዚሁ ጠብቀኝ። ወንድ ነኝ ካልክ አትሂድ።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። በዚያ ቀን ብሸሽ ሽማግሌ መላክ ቀረ፤ ገበያ መሀል ለሮጠ ሰው ማን እሺ ብሎ ይላክለታል? ባልሸሽ ደግሞ እጁን አይቼዋለሁ። ያንን እጅ የሚያክል ነገር ለመቁረጥ እንኳ የሚበቃ መቀስ አልነበረኝም። የራሴን እጅ ለድብድብ ማዋጣትም አልችልም፤ ጣቴ ቢሰበር መርፌውን ማን ይይዘዋል?

በዚህ ጭንቀት ላይ እያለሁ ነው ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር እሳት አንዳጅ ሱሪውን ሊያስጠግን የመጣው። ጅቡቲ ወደብ ላይ መርከበኞች ሲቧቀሱ ማየቱን ሁልጊዜ ያወራ ነበር። ችግሬን ብነግረው ሳቀና ክንዱን አጥፎ ክርኑን ወደ ፊቴ አሾለ።

«ቀላል ነው» አለ። «ቡጢው ሲመጣ ክርንህን ስጠው። ይምታው። የሚሰበረው የሱ ጣት ነው። አንተ እጅህን አትነካካም።»

ለልብስ ሰፊ ከዚህ የተሻለ ምክር ከየት ይመጣል? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተለማመድኩ። የጤፍ ጆንያ ሰቅዬ ወደ እኔ እያወዛወዝኩ በክርኔ ተቀበልኩት፤ አንድ ጊዜ ስቼው ጀርባዬን መትቶ በረንዳው ላይ ዘረረኝ። የበሩን መቃን በክርኔ ብመታው እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ ነዘረኝና የያዝኩትን መቀስ ጣልኩ። ይባስ ብሎ ልማዱ ሥራዬ ውስጥ ገባ። አንድ የተከበሩ እህል ነጋዴ ልካቸውን ልወስድ ቆመው ድንገት ክንዳቸውን ቢዘረጉ ክርኔ ተነሥቶ አገጫቸውን አገኘው። ባለሱቁ ይቅርታ ጠይቆ፣ ኮቱን በነጻ እንድሰፋ ፈርዶብኝ ተገላገልኩ። እኔ ግን በልቤ ደስ አለኝ፤ ትምህርቱ ይሠራል ማለት ነው።

የገበያው ቀን ደረሰ። ወንድምየው መጣ፤ የመጣውም እንደማንኛውም የአርሲ ሰው ዱላውን ይዞ ነው።

እኔና እሳት አንዳጁ ያን ሁሉ ቀን ስንመክር ይህ አንድ ነገር ትዝ አላለንም። በዚያ አገር ማን በቡጢ ይደባደባል? በቡጢ የሚማታው ዱላውን ያጣ ሰው ነው። የጅቡቲው መርከበኛ ዱላ ይዞ አይዞር ይሆናል፤ የበቅሎ ነጂ ዱላ ግን ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ዱላውን ሳይ የተማርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋኝ። እውነቱን ለመናገር ያልሸሸሁት መነሣት ስላልቻልኩ ነው።

አላህ ይስጣቸው፣ ገበያው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «በሕግ አምላክ! ዱላህን ጣል!» አሉት። ይህ ቃል ያኔ የታወቀ ኃይል ነበረው፤ የተባለ ሰው ይቆማል። ወንድምየውም ቆመ፤ ዱላውንም ጣለ። ንዴቱን ግን የሚጥልበት ቦታ አላገኘም። ባዶ እጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣቶቹን ጨበጠና ሰነዘረ።

በዕድሜው ሙሉ ቡጢ ሰንዝሮ አያውቅም ነበር። አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ነው የጨበጠው። እኔ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ልሸፍን ክንዴን ወረወርኩ። ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔ መስሎኝ ጮህኩ። ዓይኔን ስገልጥ እጁን ይዞ የተንበረከከው እሱ ነው።

ሰዉ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ደረቴን ለመንፋት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር ያገኘሁት። ሰውየው በግራ እጁ ሸማዬን ጨምድዶ ያዘና እሱ ራሱ «በሕግ አምላክ! እጄን ሰብረኸኛል፣ ዳኛ ፊት እንቀርባለን!» አለ። ሽማግሌውም እንደ ደንቡ የሱን ሸማ ጫፍ ከኔ ሸማ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ቁራኛ ሆንን። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ከዳኛ በቀር ቋጠሮውን የሚፈታ የለም፤ ፈትቶ የሄደ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ዳኛው ደግሞ ለወሰን ክርክር መቂ ወርደው ነበር። መቼ እንደሚመለሱም የሚያውቅ አልነበረም።

እንግዲህ ሽማግሌ ልልክበት ወዳሰብኩት ቤት የገባሁት በዚህ ሁኔታ ነው፤ የልጃቸው ሸማ ላይ ታስሬ፣ እንደ ተገዛ ፍየል እየተጎተትኩ።

ወጌሻ መጥቶ የሱን እጅ በሸንበቆ አሰረለት። የኔን ክርን ዳበሰና አልተሰበረም፣ ግን አብጧል፣ በቅቤ ታሽቶ ሳይታጠፍ ይቆይ አለ። ክንዴ እንደ ባቡር ምልክት ቀጥ ብሎ ቀረ። እናትየው ጨጨብሳ አቅርበው «ኮታ፣ ኛዳ» አሉን፤ ኑ ብሉ ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የመጣው። የሱ ቀኝ እጅ ታስሯል፤ በግራ መብላት ደግሞ ለሁለታችንም ነውር ነው። የኔ ቀኝ እጅ ጨጨብሳውን ያነሣል፣ ወደ አፌ ግን አይታጠፍም። የሚደርሰው እጎኔ ከተቀመጠው ሰው አፍ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ወንድምየውን ረኀብ አሸነፈውና አፉን ከፈተ። አጎረስኩት። እኔን ደግሞ እናትየው «አይዞህ ልጄ» እያሉ አጎረሱኝ። ልጅቱ በሩ ሥር ተቀምጣ ታያለች፤ እኔም ከሱ አፍ ላይ ዓይኔን ሳላነሣ ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ።

ዳኛው ቆዩ። እኛም አብረን ኖርን። በቅሎዎቹን ውኃ ሊያጠጣ ሲሄድ ተከተልኩት፤ ለበቅሎ እርግጫም ክርን እንደማይሠራ በዚያው ተረዳሁ። ስንሰግድ እሱ ፈጥኖ ለሱጁድ ግንባሩን ወደ መሬት ሲያወርድ እኔ ገና ቆሜ ቁርአን እየቀራሁ ሸማው ይጎትተኝና በግንባሬ እደርሳለሁ። ያንኮራፋል። እሱ ደግሞ በእንቅልፌ እግሬ መኪና እየረገጠ እንደሚያድር ነገረኝ። ቀስ በቀስ መነጋገር ጀመርን። እኔም አላረፍኩም፤ ያ ምት ከጅቡቲ የመጣ ጥበብ መሆኑን፣ ሆን ብዬ አስልቼ መመከቴን በሰፊው አስረዳሁት። የልጅቱ ጆሮ ቅርብ ስለነበር ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ጉርሻውን ጠቅልዬ ወደ አፉ ስዘረጋ፣ ልጅቱ ከበሩ ሥር ተናገረች።

«ያን ለት ክርንህን ስታነሣ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። እውነት አውቀህ ነው?»

ልዋሽ ነበር። ውሸቱም ተዘጋጅቶ አፌ ላይ ነበር። አስተያየቷ ግን እንደ ቀልድ አልነበረም፤ መልሱን አጥብቃ የምትፈልገው ነገር ነበር።

«ፈርቼ ነው» አልኩ። «ፊቴን ልሸፍን ነው።»

እናትየው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ታዲያ ለዚህ ጅቡቲ ድረስ ምን አስኬደህ?» አለችና የቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። እኔ የሰፋሁት ቀሚስ ነው፤ ድርቡን፣ ያን የምኮራበትን የሁለት ረድፍ ስፌት አልፎ እጅጌው ተጠቀለለ። እናቷ «ሸፍኚ» አሏት፤ አልሸፈነችም። ክርኗ የሰው ክርን አይመስልም ነበር። አጥንቱ ተጣሞ ጠግጓል፣ ከላዩ አሮጌም አዲስም ጠባሳ ተደራርቦበታል።

«አባቴ በዱላ ነበር፤ አላህ ይርሐመው» አለች። «እሱ ሲሞት ይኼ ወንድሜ ተረከበው። ክርን ይሠራል። ፊት ያድናል። ብርድ ሲሆን ግን ያማል።»

ለኔ የምትመጣው እኔን ለማየት አልነበረም። ከልቤ አፈርኩ፤ ገበያ መሀል ከፈራሁትም፣ በሷ ፊት ከጎረስኩትም የበለጠ አፈርኩ። የስንት ቀሚስ ክርን ደርቤ እየሰጠኋት አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ መልሱን ለራሴ ቆንጆ አድርጌ ሰፍቼው ነበርና።

ወንድምየው ብድግ አለ። ሊወጣ ነበር፤ ሸማው ያዘው። እኔ ካልተነሣሁ መውጣት አይችልም፤ እኔም አልተነሣሁም። ተመልሶ ተቀመጠ። ክርኗን ከማየት በቀር ሌላ ማየት የሚችለው የታሰረ እጁን ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም አየ። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ፤ አፉን አልከፈተም።

ዳኛው ከመቂ ተመልሰው ችሎት ሲቀመጡ ተቆራኝተን ቀረብን። «እጅህን የሰበረው ማነው?» አሉት።

«እኔው ነኝ፣ ጌታዬ። ክሴን ትቻለሁ፣ ይፍቱን» አለ።

ቋጠሮው ሲፈታ በጎኔ በኩል ነፋስ ገባኝ፤ ሁለታችንም በየራሳችን መራመድ ጥቂት ጊዜ ቸግሮን ነበር። እጁ ከሸንበቆው ወጥቶ በቅሎዎቹን እንደገና መጫን ሲጀምር ሽማግሌ ላክሁ። ባለሱቁና የዚያ ቀን ገላጋይ ሽማግሌ ሄዱልኝ። ወንድምየው እህቱን ጠየቃት እንጂ እሱ መልስ አልሰጠም። እሺ ያለችው እሷ ናት። ለምን እሺ እንዳለች ከብዙ ጊዜ በኋላ ብጠይቃት፣ እዚያ ቤት እጅ የሚያነሣ እንጂ የሚፈራ ወንድ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የሰርጓን ቀሚስ እኔው ሰፋሁት። ልኳን እናቷ በክር ወስደው አመጡልኝ። ለብሳው ስትጨርስ ግራ እጇን ወደ ቀኙ ሰደደችና ክርኑን ዳሰሰች። ጨርቁ ነጠላ ነበር፤ ድርብ የለውም።

«ረሳኸው?» አለችኝ።

«አልረሳሁትም» አልኳት።