ከቢቸና ሞጣ በአውሮፕላን

ወንድሜ ጠዋት ከሞጣ ደወለና «እቴ፣ እማዬ ትንሽ አሟታል፤ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለኝ። እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟታል፣ ነይ» ከተባለ አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ ምንም አልጠየቅሁትም፤ ጥቁር ልብሴን አወጣሁ።

ቢቸና ያለው ቤቴ ወዲያው በጎረቤት ሞላ። ማዶ የተከራየው ነርስ፣ ለሥራ ተመድቦ ከደቡብ የመጣ ሰው ነው፣ ስልኩን እየነካካ «ከቢቸና ኤርፖርት ሞጣ ኤርፖርት በአውሮፕላን ሩብ ሰዓት ነው ይላል። ኤርፖርቱ በየት በኩል ነው?» አለ።

«ያ ከብቱ የሚግጥበት ሜዳ ነዋ» አሉት አንድ አዛውንት። «ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጠዋት ግን ለከብት መጋጫ ሜዳ «ሩብ ሰዓት» ብሎ የጻፈውን ሰው ባገኘው አንቀው ነበር።

«ታዲያ ለምን ወንድምሽን መልሰሽ አትጠይቂውም?» አለ ነርሱ። ሴቶቹ በዓይናቸው ገሠጹት። እኔም እንግዳ ነው፣ ወጉን አያውቅም ብዬ አለፍኩት።

ሳትቀበር ልድረስ ብዬ ልወጣ ስል የዕድሩ ሴቶች «ብቻሽንማ አንሰድሽም» አሉ። ያለ ሸኚ ለቅሶ መግባት ነውር ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ ሚኒባስ ተፈልጎ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ወጣን።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ገበያ ነበር፤ በሬና በግ መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ የሚሰማው የለም። አውሮፕላን ቢሆን እስካሁን ስንቴ ደርሶ ይመለስ ነበር እያልኩ ከንፈሬን ነከስኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ወንድሜ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት የዕድሩ አሮጊት ነጥቀው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። «ሲደረስ ይሰማል፣ ልጄ» አሉኝ። ደጋግሞ ጮኸ። ማንም አላነሣውም።

ሞጣ የእናቴ በር ላይ ስንወርድ ድንኳን የለም። ገና አልተከሉም አልኩ። ሴቶቹ እንደ ወጉ ከበሩ ጀምረው ጮኹ፤ እኔም ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። ወንድሜ እጁን እያራገበ ከቤት ሮጦ ወጣ።

«ኧረ ዝም በሉ! በሕይወት አለች እኮ! ድምፅሽን ልስማው ስትል ነው ስደውልልሽ የዋልኩት!»

ጩኸቱ ቀጥ አለ። ወንድሜ እጄን ይዞ አስገባኝ። እናቴ ትራሱን ተደግፋ ወደ በሩ ታያለች፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነበር።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።

ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ለኔ ነው?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልዋሻት? አዎ አልኳት።