ግራ ዓይኔን የጠበቅሁበት ዓመት

ፊደል ያወቅሁት ያለ አስተማሪ፣ ቄሱ ለሌሎች ሲያስቆጥሩ ከዳር ሰምቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳዊት ሳልደግም የዋልኩበት ቀን የለም። ልጆቼንም ማንበብ ያልወደደ ሰው ዓይኑን ያባከነ ነው እያልኩ አሳድጌአቸዋለሁ።

አንድ ማለዳ፣ ራቤል ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጄ ለበዓል መጥታ ሳለ፣ ስደግም ቆማ አየችኝ።

«አባባ፣ ገጹን ሳይገልጡ እኮ ሁለት መዝሙር አለፉ።»

«ታዲያ ዳዊት ይጠፋኛል?» አልኩ ተቆጥቼ።

«ዳዊቱማ አይጠፋዎትም። እስቲ ይህንን ያንብቡልኝ።»

የመድኃኒት ወረቀት ሰጠችኝ። መስመሩ ተንሻፈፈብኝ። ግራ ዓይኔን በመዳፏ ስትሸፍነው ደግሞ የቃሉ መሃል ጨርሶ ጠፋ። ለካ ስንት ጊዜ ዳዊቱን በቃሌ ስወጣው ያነበብኩ መስሎኛል።

ደብረ ብርሃን የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ አልሸነገለችኝም። «የቀኝዎ አይመለስም። ግራዎ ግን ገና ጅምር ነው» አለች። እንዳስረዳችኝ፣ ዓይን ውስጥ በስተኋላ ብርሃን የሚቀበል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ዕድሜ ሲገፋ፣ ብረት እንደሚዝገው፣ ኦክስጅን ሕዋሳቱን ይጎዳቸዋል። ቫይታሚንና ዚንክ ያለበት ኪኒን አዘዘችልኝ፤ ከጭስ ይራቁ፣ ጎመን ያዘውትሩ አለችኝ። «የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ሊያቆይልዎት ይችላል።»

እኛ ዘንድ ግን ጎመን የክፉ ቀን መሻገሪያ ነው። ጎተራው ሙሉ የሆነ አባወራ ጎመን ሲያዘወትር ከታየ፣ መንደሩ ሌላ ያወራል። ባለቤቴ በር ዘግታ ታቀርብልኝ ጀመር። እኔ በሩን አስከፈትኩት። ጎረቤቴ ብቅ ብሎ «ምነው፣ ገብሱን ነቀዝ ጨረሰብዎ?» አለኝ።

«ነቀዙስ ዓይኔ ውስጥ ነው» ብዬ ጉርሻዬን ቀጠልኩ።

ከምድጃው ዳር ተነሥቼ በብርዱ ደጃፍ ላይ ጋቢ ተከናንቤ መቀመጥ ለመድኩ። በየማለዳው ቀኝ ዓይኔን ሸፍኜ፣ ሐኪሟ የሰጠችኝን ቀጥ ያሉ መስመሮች እንደ መረብ የተሰመሩበትን ወረቀት አያለሁ፤ መስመሩ የባሰ ከጎበጠ ፈጥኜ እንድመጣ ታዝዣለሁ። ሰው ለእርሻው ድንበር የሚሟገተውን ያህል ለገዛ አካሉ ቢሟገት፣ ስንቱ ባልታወረ!

ዓመት ሲሞላ ሐኪሟ የዓይኔን ፎቶ ከአምናው ጋር አስተያየች። ልጄ እጄን ጨብጣለች።

«ግራዎ ባለበት ቆሟል። በሽታው አልገፋም።»

ኪኒኑ ይሁን ጎመኑ ወይስ የፈጣሪ ቸርነት፣ ለይቼ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ግን ዱላዬን ነቅንቄ ፎከርኩ።

«ኧረ አባባ! ሰው እያየዎት ነው!»

«ይየኝ» አልኳት። «እኔም እያየሁት ነው።»