ሰባተኛው ናሙና

ሁለት ዓመት ሙሉ ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አሶሳ እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። «ጂኦሎጂ ያጠና ሰው ሥራ አያጣም» ያለኝን መምህር መንገድ ላይ ባገኘው ምን እንደምለው ስለማመድ ነው የከረምኩት። ስለዚህ አንድ የማዕድን ኩባንያ ለኢንተርቪው ሲጠራኝ ደስታው ዓይኔን ጋረደው። መልእክቱ «የመመረቂያ ፕሮጀክትሽንና የመስክ ማስታወሻ ደብተርሽን ይዘሽ ቅረቢ» ይላል። ፕሮጀክቱስ ይሁን፤ ጭቃ የጠጣ ደብተር ምን ያደርግላቸዋል? ያኔ ይህን አልጠየቅኩም።

ፕሮጀክቴ በመንጌ ዙሪያ ሰዎች ወርቅ ስለሚያጥቡባቸው ወንዞች ነበር። ከአሥራ ሁለት ቦታ ደለል ወስጄ መርምሬያለሁ። ከሁሉም የበለጠ ወርቅ የተገኘው በሰባተኛው ናሙና ነው፤ እሱን ደግሞ ያገኘሁት በኻልቲ በኩል ነው። ኻልቲ የምላት የእናቴን ታናሽ እህት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆች የምታሳድገው ከጥቂት የመንደሯ ሴቶች ጋር ከቀርከሃው ጫካ ጀርባ ካለች ጅረት ወርቅ እያጠበች ነው። ሴቶቹ ቦታዋን ለባዳ አያሳዩም። ባዳ ካወቃት እንደማትተርፍላቸው በሌላው ወንዝ ከደረሰው አይተዋል።

ወደዚያ የወሰደችኝ ቀን ኻልቲ መንገዱ ላይ ቆማ በቋንቋችን «ፎቶ አታንሺ፤ ለማንም አትንገሪ፤ አማና ነው» አለችኝ። አማና አደራ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ይህ ከተባለ ወዲያ ሌላ መሐላ አያስፈልግም። እሺ አልኩ። ቦታውን የሚያሳየውን የጂፒኤስ ቁጥር ግን ከልማድ የተነሳ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት። በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ አወጣሁትና በምትኩ «ቦታው በአጣቢዎቹ ጥያቄ አልተገለጸም» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ለዚህ ማርክ ቀነሰብኝ። እኔ ግን አደራዬን ጠበቅኩ ብዬ ኮርቼ ነበር።

የኢንተርቪው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ መሐንዲስ፣ አጠገባቸው የሚጽፍ ወጣት፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ከፊቱ ወረቀትም እስክሪብቶም የሌለ ሰው። ማን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ጠረጴዛው ላይ የመንጌ ካርታ ተዘርግቷል፤ ካርታው ላይ ደግሞ የእኔ ፕሮጀክት ተቀምጧል። ከዩኒቨርሲቲው አግኝተው ቀድመው አንብበውታል! ልቤ በደስታ ዘለለ። ቀረብ ብዬ ሳይ ከሠላሳ ስድስት ገጽ ውስጥ በቀይ የተከበበው አንድ መስመር ብቻ ነበር።

«ሰባተኛው ናሙና የት ነው?» አሉ መሐንዲሱ። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም።

«ቦታውን ያሳዩኝ ሰዎች እንዳልናገር አደራ ብለውኛል።»

«ጥሩ ነው። ያስመሰግንሻል።» ገጹን ቀስ ብለው ገለበጡ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረው እኔ የሌለሁ ይመስል፣ «አላልኩህም? የወርቁ መጠን ቤት ተቀምጦ የተፈበረከ ነው። የዛሬ ልጆች ወንዝ አይወርዱም» አሉት። ወጣቱ ፈገግ አለና የሆነ ነገር ጻፈ።

ቁጡ ነኝ፤ ይህን ክፉ ጠባዬን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ሌላ ስድብ እችላለሁ። «ሌባ ነሽ» ቢሉኝ ምናልባት ስቄ አልፍ ነበር። ወገቤ እስኪቆረጥ አጎንብሼ ያጠብኩትን ደለል ፈጠራ ሲሉብኝ ግን ደሜ ፈላ። «በገዛ እጄ ነው ያጠብኩት! የቦታው ቁጥርም አለኝ!» ብዬ ደብተሬን አወጣሁ።

«እንግዲያው አሳዪና» አሉ፤ ካርታውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። እስክሪብቶ ተቀብዬ ካርታው ላይ የመስቀለኛ ምልክት አደረግኩ። አንዴም አላመነታሁም፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ። መስኮቱ ሥር የነበረው ሰው ተነሳ፣ ምልክቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወጣ። መሐንዲሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጎበዝ ነሽ፤ ጨርሰናል» አሉኝ። አሥር ደቂቃ አልሞላም።

ደረጃውን ስወርድ አፋቸውን አስያዝኳቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ባጃጅ ተሳፍሬ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ደብተሩን ገልጬ ቁጥሩን ሳይ የኻልቲ «አማና ነው» ትዝ አለኝ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ፤ «ተቀጥረሻል» አሉኝ። እናቴ እልል አለች። በማግሥቱ ኻልቲ ከመንጌ ደውላ መረቀችኝ። «ማብሩክ ልጄ! አሁን እኛም ሰው አለን» አለች። ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። አፌ ድረስ መጣ፤ «አሚን» ብዬ ዘጋሁት። ምላሴን በቆረጠው የምለው ኢንተርቪው ላይ በተናገርኩት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ስልክ ላይ ዝም ባልኩትም ነው።

ሁለት ሳምንት ሥራ የሚባል ነገር አልሰጡኝም። ጠረጴዛ ሰጥተውኝ ቁጭ አልኩ። ሰዎች እየገቡ ካርታ ያያሉ፤ ወደ እኔ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቢሮው በቀዘቀዘ ቁጥር እኔን ያልበኝ ጀመር። አንድ ሐሙስ መሐንዲሱ ብቅ ብለው «ነገ መስክ እንወጣለን። መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ከፊት ትቀመጫለሽ» አሉኝ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ሁለቱ ዓመት ትዝ አለኝና እሺ አልኩ።

ሁለት መኪና ነበርን። የኋለኛው መሬት የሚታጠርበት ችካልና ቀይ ሪባን ጭኗል፤ ከላይ መሣሪያ የያዙ ጥበቃዎች ተቀምጠዋል። ቀርከሃውን እየጣስን ስንቃረብ የሞተሩን ድምፅ የሰሙት ሴቶች ከውሃው ወጥተው ገበቴያቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመው ነበር። ኻልቲ ከፊታቸው ናት። ፊቷ አመድ መስሏል። በሩን ከፍቼ ስወርድ አየችኝና ፊቷ በራ።

ወደ ሴቶቹ ዞራ በቋንቋችን «አትፍሩ፤ ልጃችን አብራቸው አለች» አለቻቸው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ መሐንዲሱ መጣች። አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ትጠራለች። «ይሄ ልጅ የኔ ነው» አለቻቸው እኔን እያሳየች። «ተምሯል። እኛ አማርኛ አይችልም፤ እሱ ይናገራል ለኛ።»

ሴቶቹ አመኗት። አንድ በአንድ ወደ ውሃው ተመልሰው ጎንበስ አሉ። ጥበቃዎቹ ችካሉን ማውረድ ጀመሩ፤ ኻልቲም እስክናገር ድረስ ዓይን ዓይኔን እያየች ቆማ ትጠብቃለች።