ጋሽ መርዕድ የጠበቁት ምስጢር

ትናንት በጋሞዋ መንደራችን ላንቴ የጋሽ መርዕድ መቃብር ሲቆፈር የተነቀለው እርጥብ ሣር ሸተተኝና ልጅነቴ መጣብኝ። ሰውዬው የቻይናን አብዮት አንብበው ጫካ የገቡ የሽምቅ ተዋጊዎች መሪ ነበሩ። አጎቴን "ሊከዳን ነው" ብለው ያስረሸኑት እሳቸው ናቸው።

ያኔ ልጅ ሳለሁ፣ ከሽማግሌዎች ጋር እርጥብ ሣር ይዘው ደጃችን ተንበረከኩ። በጋሞ ሣር ይዞ ይቅርታ ሊለምን የመጣን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። እናቴ ጥርሷን ነክሳ ተቀበለች።

"ይቅር ብያለሁ። ወንድሜን የት ቀበሩት?"

"እሱ የድርጅት ምስጢር ነው፣ እህቴ።"

ድርጅት የሚባል የሚፈሩት ሰው ያለ መሰለኝ። ለካ ድርጅቱ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ!

ትናንት አንዱ ተነስቶ "እስከ መጨረሻው ምስጢር ጠባቂ ነበሩ" ብሎ አሞገሳቸው። የጠበቁትማ የአጎቴን አጥንት ነው!

እናቴ አፈር እየበተነች፣ "የታደሉ" አለች፤ "መቃብራቸው ይታወቃል።"