የአባቴ የፎቶ ፊት

ልጄ ሰሞኑን አንዲት አሮጌ የፕላስቲክ ካሜራ ከሰልባጅ መሃል ለቅማ ወደ ቤት ገባች። «ፋሽን ነው እማዬ፤ አሁን ሁሉም በፊልም ነው የሚያነሳው» አለችኝ። የፊልም ማዞሪያዋን በአውራ ጣቷ ስታዞረው ካሜራዋ «ክርርር» አለች። ወላሂ፣ ያ ድምፅ ወስዶ ደባርቅ፣ የአባቴ ሱቅ በር ላይ አስቀመጠኝ።

አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። የእኔዋን ካሜራ ያመጣልኝ እሱ ነው። አንድ በቅሎ ነጂ ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ ላይ አንዲት ቱሪስት የሰጠችውን ይዞ መጣ፤ አባቴም ካሜራዋን በጥምጥም ጨርቅ ለውጦ ወሰዳት። መጫወቻ ነው የምትመስለው። ቁጥር ማሳያዋ ስለተሰበረ ፊልሙ ስንት እንደቀረው አይታወቅም። እኔ ምን ገዶኝ! ያገኘሁትን አነሳ ነበር፦ ጠዋት ጣሪያችን ላይ የነጣውን ውርጭ፣ ከአምባራስ ገብስ ጭነው የመጡ በቅሎዎችን፣ እናቴን ሻሿን ስታስር። የአዲስ ፊልም ሽታ ኮምጠጥ ይል ነበር፤ ዛሬም ቢሸተኝ አውቀዋለሁ።

አባቴን ማንሳት ግን ጭንቅ ነበር። ልንገራችሁ፣ ያ ሰው ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይጠፋል። ከደረስጌ የመጡ ገበሬዎች ጨርቅ ባይገዙ እንኳ ከሱ ጋር ሊሳሳቁ በሩ ላይ ቆመው ይውላሉ። እኔ የፈለግሁት ያንን ሳቅ ነበር፣ ሌላ ምንም። ካሜራዋን ሳነሳ ግን ቆቡን ያስተካክላል፣ ኮቱን ይቆልፋል፣ እንደ ዳኛ ይኮሳተራል።

«አባዬ፣ ሳቅ በል እንጂ!»

«ሂጂ ወዲያ! ፎቶ ላይ ጥርሱን የሚያሳይ ባለጌ ነው። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሰው ምን ይላል?»

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ የፀሐይዋ ብርሃን ቢጫ ሆኖ በሱቁ በር ገባ። እንደተገተረ አነሳሁት። «ጨረስሽ?» አለ። «ጨረስኩ» ስለው ትንፋሹን ለቀቀ። ደጅ የቆመው በቅሎ ነጂ «ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ደረቁ? ፖሊስ መጣ እንዴ?» ቢለው አባቴ በሳቅ ፈነዳ። ቶሎ ብዬ አዞርኩና ተጫንኩ፤ «ቀጭ» አለች። ያዝኩት ብዬ ዘለልኩ።

ፊልሙ ጎንደር ፎቶ ቤት ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ ቀን ስቆጥር ሰነበትኩ። መጣ። ውርጩ አለ፣ በቅሎዎቹ አሉ፣ እናቴ አለች፣ የተኮሳተረውም አባቴ አለ። ሳቁ የለም። ለካ ፊልሙ እዚያ ላይ አልቆ፣ ካሜራዋ ባዶዋን ነው የዞረችው። አባቴ ሆዬ «ተመስገን፣ አላህ ከባለጌነት አወጣኝ!» ብሎ እንደገና ሳቀብኝ። ሌላ ፊልም ሳላገኝ፣ የዚያው ዓመት ክረምት ሳይወጣ ሞተ።

ልጄ ግድግዳችን ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብላ አየችና «አያቴ ቁጡ ነበሩ አይደል?» አለችኝ።

«ኧረ እሱን የመሰለ ሳቂታ አልነበረም!» አልኳት።

ጠጋ ብላ ደግማ አየችው። «አይመስሉም» አለች።

ምን ላሳያት? እንደሱ ልስቅላት ሞከርኩ፤ መሃል ላይ እንባዬ መጣ።