ዘጠኝ አጎት የሞተባት ሴት

«መዝገቡን ነው የጠየቅንዎት፤ ቡናውን አይደለም» አልኳቸው።

«ቡናውን ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ቡና ቢጎድል ዝናብ ነው እላለሁ። መዝገብ ቢጎድል ምን እላለሁ?»

«አይጎድልም። በስልክ ፎቶ አንስተን እዚሁ እንመልሳለን።»

«ፎቶ ደግሞ የባሰ ነው። ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም።»

ከጨለለቅቱ ከተማ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ፣ በሰዓት ተቆጣጣሪው በጋሽ ሽብሩ ክፍል በር ላይ ቆመን እንከራከራለን። የመጀመሪያው የመስክ ሥራ ቀኔ ነው። እኔና ኤልሳ ዲላ ላይ የዳታ ትንተና ተማሪዎች ነበርን፤ ለመመረቂያ ጥናታችን ዳታ ፍለጋ በሞተር ሳይክል ከሹፌሩ ጋር ለሦስት ተጭነን መጥተናል። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤያችን ላይ «ይተባበሯቸው» ብለው መርተዋል። ጋሽ ሽብሩ ግን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብበው፣ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን በጣታቸው ዳሰው ነው ክርክሩን የጀመሩት።

ኤልሳ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ማባበል ታውቅበታለች። «ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንፈልገው ቁጥር ነው። ወሬ አይደለም» አለቻቸው።

«እንግዲያው ቁጥሩን ውሰዱ፤ ምክንያቱን ተዉት» አሉና መዝገቡን ገፋ አደረጉልን።

መዝገቡ ሦስት ዓምድ አለው፤ ስም፣ የቀረበት ቀን፣ ምክንያት። ሦስቱንም አነሳን። ተዉ የተባልነውን ዓምድማ አጉልተን አነሳነው።

ዘንድሮ ወደ ትምህርት ክፍሉ የገባችሁ ተማሪዎች እንድታውቁት፣ እኔ ይህን ሙያ ወድጄ አልመረጥኩትም። ምርጫ ስሞላ አራተኛ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ግዙፍ ዳታ» ብሎ ጻፈና አንድ ፋይል ሰጠን። ፋይሉ ውስጥ የነበረው የአንድ የፈረንጅ አበባ ቅጠል ርዝመትና ስፋት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አይተነው የማናውቀውን አበባ በዘር በዘር ስንለይ ከረምን። ላቦራቶሪ ውስጥ የትኛው ኮምፒውተር እንደሚሠራ የሚታወቀው በወንበሩ ነው፤ ከሚሠራው ፊት ያለው ወንበር ሁልጊዜ መደገፊያው ተሰብሯል። መብራት ሲጠፋ መምህሩ «የጎደለ ዳታ ማለት ይህ ነው» ይለናል።

ስለዚህ የሰው ስም ያለበት መዝገብ እጃችን ሲገባ ተስገበገብን።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ኤልሳ እያነበበች እኔ አስገባሁ። ጋሽ ሽብሩ ሲቸኩሉ የሚጽፉት ፊደል ሁሉ «ር» ይመስላል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ጥቅምት ሠላሳን አልቀበልም አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ ቆጥሮ ሁለተኛው ወር ሠላሳ ቀን የለውም ብሎ። ጥቅምት እንዳለው ለማስረዳት አንድ ከሰዓት ፈጀብን።

ጥያቄያችን ቀላል ነበር። ታጥቦ የወጣው ቡና ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ ከፍ ያለ አልጋ ላይ እንዲደርቅ ይሰጣል። በሰዓቱ ካልተገላበጠ ይሻግታል። አልጋዎቹ በረድፍ የተደረደሩ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ አሥራ ሁለት ሴቶች ይሠራሉ። ማን ሲቀር ነው ቡናው የሚበላሸው? ይህን ነበር የምንፈልገው።

ለእያንዳንዷ ሠራተኛ አንድ ነጥብ ሰጥቼ ግራፉን ሳልኩት። ነጥቦቹ ሁሉ ታች ተሰብስበው አንዷ ብቻ ለብቻዋ ላይ ጥግ ቆመች። ስም፣ በቀለች። ሥራ፣ የሦስተኛው ረድፍ ኃላፊ። ምክንያቱን ገለጥነው፤ አጎት ሞቶ። አጎት ሞቶ። አጎት ሞቶ። ገና ባላለቀ አንድ የቡና ወቅት ዘጠኝ አጎት።

ኤልሳ በሳቅ ከወንበሩ ልትወድቅ ደረሰች። «ይቺ ሴትዮ ዘመድ የሚባል ቀርቷታል?»

«አያቷ ልጆቻቸውን በረድፍ ነው የወለዱት» አልኩ።

ግጥም እንደምሞካክር ክፍሉ ያውቃል፤ ርዕስ የሚያወጣው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ነጥቧን ቀይ ቀባሁና ከላይ «የአጎቶች ወረርሽኝ» ብዬ ጻፍኩ። ላቦራቶሪው ሙሉ እየመጣ አይቶ ሳቀ። መምህራችንም አፉን በእጁ ሸፍኖ ከሳቀ በኋላ «ርዕሱን ቀይሩት። ነጥቧን ግን እንዳትነኳት፤ ግኝታችሁ እሷ ናት» አለን።

ግኝታችንን በላፕቶፕ ይዘን ወደ ጣቢያው ተመለስን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምራት ከጠረጴዛቸው ፊት ሁለት ወንበር አስደረጉልን። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ራሳቸውን እየነቀነቁ አሳለፏቸው። ቀይዋ ነጥብ ስትመጣ መነቅነቅ አቆሙ።

«ይህቺ ማን ናት?»

«ሲነኳት ስሟ ይወጣል» አልኩ በኩራት። ያን ለመሥራት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ነካኋት፤ ስሟ ወጣ።

«ዘጠኝ አጎት» አሉ። አልሳቁም። «ደንባችን ለቅርብ ዘመድ ሞት ሁለት ቀን ይፈቅዳል። በውሸት ያስፈቀደ ይሰናበታል። ይህን ገጽ በወረቀት አውጡልኝ፤ ከስንብት ደብዳቤዋ ጋር አያይዘዋለሁ። የእናንተንም የትብብር ደብዳቤ ማኅተም አደርግበታለሁ።»

ያለዚያ ማኅተም ጥናታችን ተቀባይነት የለውም፤ አንመረቅም። ወቅቱ ደግሞ ገና መጋመሱ ነው። በውሸት ምክንያት የተሰናበተችን ሴት በአካባቢው ያለ ሌላ ጣቢያ እንደማይቀበላት እኔም አላጣሁትም። ሴትየዋን በአካል አይቻት አላውቅም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነጥብ ናት።

በቀለች ተጠርታ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ገባች። ጋሽ ሽብሩ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ተከተሏት። አቶ ታምራት ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞሩት።

«ስንት አጎት አለሽ?»

«ሁለት ነበሩ» አለች። «ካቻምና አንዱ አረፈ።»

«ታዲያ በዚህ ዓመት የሞቱት ዘጠኙ?»

ወደ ጋሽ ሽብሩ ዞር አለች። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አሉ።

ኤልሳ ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

«ቅጹ የሚቀበለው አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እኅትና አጎት ነው» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ጎረቤት አይቀበልም። የጓደኛ ዘመድ አይቀበልም። አባቷን ሁለት ጊዜ መግደል አልችልም። አጎት ግን ማን ይቆጥራል ብዬ ነው።»

«ይኸው የሚቆጥር መጣ» አሉ አቶ ታምራት፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ።

በቀለች ድምፅዋን ሳታነሳ አስረዳች። «ለቅሶ ሲመጣ አሥራ ሁለታችንም መሄድ አለብን። ያልሄደች ሰው ነገ የራሷን ሬሳ ማን ያነሳላታል? ሁላችን ከሄድን ደግሞ ቡናዋ ትሻግታለች። ስለዚህ እኔን ይልካሉ። መዋጮውን ይዤ እሄዳለሁ፤ ለአሥራ ሁለት ሰው አልቅሼ እመለሳለሁ። አልጋዬን እነሱ ያገላብጣሉ።»

«ለምን አንቺን?»

«ለቅሶ ስለምችል።»

አቶ ታምራት ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉ። «ይህ ቃል ነው። እዚህ ያለው ማስረጃ ነው። እስቲ አንተ ንገረን፤ ዳታው ምን ይላል?»

ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብኩት። እስከዚያ ድረስ ቀሪዎችን የቆጠርኩት በሰው ነበር፤ አሁን በረድፍ ደምር አልኩት። ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መሥራት የነበረብኝን ያኔ ሠራሁ። ከሁሉም ረድፍ ትንሹ ቀሪ ያለበት ሦስተኛው ረድፍ ሆኖ ወጣ። ጣቢያው የሰጠንን የሻገቱ አልጋዎች ዝርዝር አስጠጋሁበት፤ ከሦስተኛው ረድፍ አንድም አልጋ የለም። ከሁለተኛው ረድፍ ግን በአንድ ለቅሶ ሰባት ሴቶች ወጥተው፣ በማግስቱ ሻጋታ ተመዝግቧል።

«ግራፉ ተሳስቷል» አልኩ። «ቁጥሩ ልክ ነው። እኔ በሰው ቆጠርኩ፤ እነሱ የሚሠሩት በረድፍ ነው።»

«እና ገጹን አታወጣልኝም?»

«አላወጣም።»

«ደብዳቤያችሁስ?»

ኤልሳ ናት የመለሰችላቸው። «ካልሆነ ይቅር፣ ጋሼ።» በኋላ እንደነገረችኝ ይህን ስትል ዓመቱን ስትደግም ታይቷት፣ ለእናቷ የምትነግረውን ሰበብ እያዘጋጀች ነበር።

አቶ ታምራት አዲሱን ሠንጠረዥ ወደ ላይ ወደ ታች ሲያዩት ቆዩ። «ረድፍሽን ያዢ» አሉ በመጨረሻ። «ሽብሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጣቢያ አጎት አይሞትም። ‹ስለ ረድፉ የሄደች› የሚል ዓምድ ጨምር።» ደብዳቤያችንንም ሳቡና ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መቱበት።

ከዚያ ወዲህ በዚሁ ሥራ እየኖርኩ እስከ ገደብ ከተማ ድረስ ባሉ ጣቢያዎች ብዙ መዝገብ ከስሕተት አጽድቻለሁ። አንድ ነገር ልምዴ ሆኗል። ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት መዝገቡን የሚጽፈውን ሰው አግኝቼ፣ ቅጹ የማይቀበለው ምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ይህን ካልጠየቃችሁ የምትስሉት ግራፍ የሰው እንጀራ ይዘጋል።

ያን ቀን ግን ወሬው ገና አላለቀም ነበር። «እትዬ በቀለች፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ስቄብሻለሁ።»

«ምን አለበት» አለች። «ደግ አጎቶች ነበሩ።»

«በይ ወደ አልጋሽ ተመለሽ» አሉ አቶ ታምራት።

«ዛሬ አልመለስም። የዘበኛችን እናት አርፈዋል፤ ቀብሩ ከሰዓት ነው። ረድፉ የላከኝ እኔን ነው።» ሽርጧን ፈትታ ክንዷ ላይ አጠፈች።

ጋሽ ሽብሩ መዝገቡን ከፍተው አዲሱን ዓምድ ሊያሰምሩ ብዕር ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ። አቶ ታምራት የራሳቸውን ብዕር አቀበሏቸው። በቀለች ለሁላችንም አንገቷን ሰበር አድርጋ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።