ዋስ ጥሪ አሉኝ

ታሪክ እንዳስተምር ጭሮ ከተማ ከተመደብኩ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ላይ ደርሰናል። የዚያ አገር ሰዎች ሲጣሉ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ብዙ ጊዜ ገላጋይ ይመርጡ እንደነበር፣ ነገሩ ከመሰማቱ በፊት ግን ሁለቱም ወገኖች «የሚፈረደውን እቀበላለሁ፤ ካፈረስኩ ልቀጣ» ብለው ማኅተም ባለበት ውል ራሳቸውን ያስሩ እንደነበር በስሜት አስረዳሁ። ከኋላ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ጃርሱማ ነው፣ የኛው ሽምግልና። እኛም ሰፈር ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ዋስ ያስጠራሉ» አለች።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ እኔው ራሴ ሽማግሌ ፊት እቀርባለሁ ብሎ ማን ያስባል?

የነገሩ መነሻ ውሻዬ ነው። ከትውልድ ከተማዬ ይዤው የመጣሁት፣ ሰው ባየ ቁጥር ዘሎ ካልላሰ የማይሆንለት ፍጥረት። ጎረቤቴ ደግሞ አንድ በር የምንጋራ አዛውንት ጫት ነጋዴ ናቸው። አርብ ዕለት ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ወደ መስጊድ ሲወጡ ውሻዬ ዘሎ ደረታቸውን ላሰው። ውሻ የላሰው ልብስ በአፈር ጭምር ታጥቦ ካልጠራ አይሰገድበትም። ልብስ ሲቀይሩ፣ ሲታጠቡ የጁምዓ ሶላት አመለጣቸው። እኔ ደግሞ ይቅርታ እንደመጠየቅ «ወደደዎት እኮ ነው!» አልኩ።

አከራያችን ዘንድ ሄደው «ወይ ውሻው ይውጣ ወይ እሷ ትውጣ» አሉ። አከራያችንም «በሽማግሌ ካልጨረሳችሁ ቤቱን ትለቂያለሽ» አለችኝ። ጭሮ ውስጥ ለመምህርት ከነውሻዋ ቤት የሚያከራይ የለም፤ ጠይቄያለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፈው ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ስል የመሃለኛው እጃቸውን አነሱ።

«ቆዪ ባርሲስቱ» አሉኝ፤ መምህርቷ ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ ዋስ ጥሪ። የምንለውን እንድትቀበይ ማን ይቆምልሻል?»

ጎረቤቴ ወንድማቸውን ጠሩና ወዲያው አለቀላቸው። የኔ ጓደኞች እንደኔው ከሌላ ከተማ የመጡ መምህራን ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ የሚፈልጉት ደግሞ የሚያውቁትን ሰው ነው። አከራዬን ባያት «እኔ መሃል ላይ ነኝ» ብላ አቀረቀረች። ዋስ ከሌለ ነገሩ አይሰማም፤ ካልተሰማ ቤቱ ሄደ።

«ሰው የለኝም» አልኩ። እንባዬ መጣ።

ጎረቤቴ ከሰሌኑ ብድግ አሉ። «ምን አለች? ሰው የለኝም አለች?» ውሻው ሲልሳቸው እንኳ እንዲህ አልተቆጡም። «ወባ ሲይዝሽ ሾርባው ከማን ቤት መጣ? ረመዳን ላይ ሳምቡሳ ከማን ልጆች ጋር ስትበይ ነበር? እኛ ሰው አይደለንም?» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ወላሂ፣ ዋሷ እኔ ነኝ!»

«አንተ እኮ ከሳሽ ነህ!» አሉ የመሃለኛው።

«ክሴ እንዳለ ነው። ዋስነቱ ሌላ ነው።»

«ብታፈርስስ?»

«እኔን ያዙኝ።»

«ካሳውን ለማን ልትከፍል? ላንተው?»

«ለኔው!»

ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ብዙ አልፈጀም፤ ውሻው ከአዛን በፊት እንዲታሰር፣ ጀለቢያውን እኔ እንዳጥብ ተፈረደ። «ይቅርታ፣ አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። «አፉ ብያለሁ» አሉኝ፣ ፊታቸው ገና ሳይፈታ። የተቀየሙት በውሻው አልነበረም።

ባለፈው አርብ ውሻው ገመዱን በጥሶ ወጣ። ጫማዬን ሳላጠልቅ በሩ ላይ ስደርስ ጎረቤቴ ቀድመውኛል። ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ረጅም ዱላ ይዘው፣ በባጃጆቹ መሃል አስፋልቱን ይዘው ይሮጣሉ። «ያዙልኝ! ዋስ ነኝ!» ይላሉ። ዋስ የሆኑት ለራሳቸው መሆኑን መንገደኛው ከየት ይወቅ? በሳቅ ፈረስኩ።

አንድ ባጃጅ ነጂ መንገዱን ዘግቶ ውሻውን አስቆመላቸው። «አባ፣ ውሻው የርስዎ ነው እንዴ?» አላቸው።

«ውሻው የሷ ነው» አሉ እያለከለኩ፣ በዱላቸው ወደኔ እያመለከቱ። «እሷ ግን የኛ ናት።»